ተንፍሺ ያለችኝ ቀን

ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣን ወንድም ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «እንዳትተነፍሺ» አለኝ። ለአባታችን እንዳትነግሪው ማለቱ ነበር። አባዬ ከታች መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ እኛ ደግሞ ከላይ የአንጀቱን ጉዳይ ሰምተን መውረዳችን ነው። እጢ አለች፤ ደህና እጢ አይደለችም። በጊዜ ስለተደረሰባት ግን በቀዶ ሕክምና ትወጣለች፣ ከዚያ መድኃኒት ይከተላል፣ ተስፋው ብዙ ነው ብሎናል ሐኪሙ። ወንድሜ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ደህና አይደለችም» የምትለዋን ብቻ ይመስለኛል። ሐኪሙ ለራሱ ለበሽተኛው ልንገረው ቢል እንኳ «የለም፣ እኛው ቀስ ብለን እናስረዳዋለን» ብሎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ጨጓራ ነው እንለዋለን» አለኝ ደረጃውን እየወረድን።

«ቀዶ ሕክምናውስ? ጨጓራ ብለን ነው ሆዱን የምናስቀድደው?»

«ወረፋው እስኪደርስ ገና ነው። እማዬን ረሳሻት?»

አልረሳኋትም። እናታችን የበሽታዋን ስም የሰማች ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማንኪያውን አፏ ድረስ ማድረስ የእኛ ሥራ ሆነ፤ መዋጡን ግን ማናችንም ልንሠራላት አልቻልንም። ወንድሜ እማዬን የገደላት በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው ብሎ ያምናል። ታላቅ ነውና ቃሉ ቤታችን ውስጥ ይከበራል፤ የሚኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ ደግሞ አዝዞ መሄድ ይችላል። ከአባቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ቀርቼ ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ጨጓራ ነው» የምለው ግን እኔ ነኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ ስለኖረ ነው መሰለኝ፣ ዞር ሳይል ሁሉንም ያያል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እየኖሩ ምስጢር መያዝ ምን እንደሚመስል የያዘ ያውቀዋል። ቡና ስቀዳለት «ምን ሆነሻል?» ይለኛል፣ ቴሌቪዥን ስናይ «ምነው ዝም አልሽ?» ይለኛል። ሳወራ ደግሞ «ምነው ዛሬ ወሬ በዛ?» ይላል። ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ይዤ ጓዳ እገባና ቧንቧውን ከፍቼ ነው የማወራው። አባዬ ውሃ እያባከንሽ ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮኝ አያውቅም፤ ድሮ ግን ጠብ ባለች ቁጥር ነበር የሚቆጣው።

ሥራዬ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቆራጭ ነኝ። ጨርቁ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፋል፣ የላዩ በጠመኔ ይሠመራል፣ እኔ በኤሌክትሪክ መቁረጫው መስመሩን ተከትዬ እሄዳለሁ። እጄ ከሳተ የሚበላሸው አንድ ሸሚዝ አይደለም፣ ቁልሉ በሙሉ ነው። ከዚያ የኮሪደር ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስነቃ መንጋጋዬ ተቆልፎ ይቆየኛል። ትከሻዬ ሽቅብ ወጥቶ ጆሮዬ ሥር ሰፍሯል። አየር ስስብ ግማሽ መንገድ ይሄድና ደረቴ ላይ ይቆማል፤ እንደገና እስባለሁ፣ እንደገና እዚያው ይቆማል። አንድ ቀን የነርሶች የደንብ ልብስ ስቆርጥ የእጅጌውን መስመር ስቼ በብብቱ በኩል ሰተት ብዬ ገባሁ። አለቃችን ቁልሉን እየገለጠች ካየች በኋላ «ነርሶቹን ክንፍ ልታወጪላቸው ነው?» አለችኝ። መቁረጫውን ከእጄ ቀማችኝና ሐኪም ሳታዪ እንዳትመለሺ ብላ አባረረችኝ።

ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ ደሜን አየ፣ የልቤን ምት የሚያነበው ማሽን ላይ አስተኛኝ፣ በመጨረሻ «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው» አለ። ጭንቀት «ምንም» ከሆነ «አንድ ነገር» የሚባለው ምን ይሆን ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ዮጋ ሞክሪ አለኝ። ቤት ስገባ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም የለብሽም አሉኝ አባዬ፣ በቃ።» ስናገር ዓይኔን ማሳረፊያ አጥቼ የመጋረጃውን ዘርፍ አይ ነበር።

ስለ ዮጋ የማውቀው ነገር ቢኖር ቀጫጭን ሰዎች ባሕር ዳር እግራቸውን አንገታቸው ላይ ሲጠመጥሙ በፎቶ ማየቴ ብቻ ነው። የሄድኩበት ክፍል ግን ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ነው። ድሮ የማስጠኛ ክፍል ስለነበረ ጥቁር ሰሌዳው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ አንድ ያልተፈታ የሒሳብ ጥያቄ ጥጉ ላይ ቀርቷል። ከታች መጋዙ ሲጮህ ወለሉ ይነዝራል፣ የሙጫው ሽታ በደረጃው ሽቅብ ይመጣል። አስተማሪያችን ድሮ ሆስፒታል ውስጥ ስብራት ያለባቸውን ሰዎች ታራምድ የነበረች ረዘም ያለች ሴት ናት። ከአፏ «ቀስ በሉ» ስለማይጠፋ ስሟን ትተን «ቀስ በሉ» ነው የምንላት፤ እሷም አቤት ትላለች።

የመጀመሪያው ቀን በጉልበትና በእጃችን ተንበርክከን ጀርባችንን እንደ ድመት አጎበጥን። ከዚያ መቀመጫችንን ሽቅብ ቀስረን፣ ጭንቅላታችንን ቁልቁል ለቀን ቆምን። ያን ጊዜ ነው በእግሮቼ መሀል ወደ ኋላ ሳይ ሞንታርቦን ያገኘኋት። ሞንታርቦ ጎረቤታችን ናት፤ ይህን የድምፅ ማጉያ ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ለእሷ የተነገረ ነገር ሰፈሩ ሳይሰማው መሽቶበት አያውቅም። ደም ግንባሯ ላይ ወርዶ፣ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ተገልብጣ ሳለች እንኳ «እንዴ፣ አንቺም ወገብሽን ነው?» አለችኝ። የእሷ ወገቧን ነው። የእኔን ምንነት ለመናገር አፌን ብከፍት ኖሮ ማታውኑ አባቴ ይሰማ ነበርና «አዎ፣ ወገቤን ነው» አልኳት።

ትምህርቱ የሚያልቀው በጀርባ ተንጋሎ ነው፤ እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ መዳፍ ወደ ላይ፣ ዓይን ተከድኖ። «የዚህ አቀማመጥ ስሙ ሬሳ ነው» አለች ቀስ በሉ።

«ሟርተኛ» አለች ሞንታርቦ ተጋድማ። «ሬሳ ልሆን ነው እንዴ ከፍዬ የመጣሁት?»

«እሺ፣ እረፍት እንበለው።»

«ነገ ደግሞ አረፈች ሊሉኝ ነው? እሱማ ባሰ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ዓይኔን ስከድን የማየው አባቴን ነው፤ እንዲሁ በጀርባው ተንጋሎ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ አልጋውን ሰዎች እየገፉት በረጅም ኮሪደር ሲወስዱት። ደረቴ ቀጥ አለ። ተነስቼ ልወጣ ስል አስተማሪዋ አጠገቤ ተንበረከከችና «ወደ ውስጥ የምትስቢውን ተይው፤ ወደ ውጪ የሚወጣውን ብቻ አስረዝሚው» አለችኝ በሹክሹክታ። ሞከርኩት። አየሩ አሁንም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ሲወጣ ግን ከገባው በላይ ይዞ የወጣ መሰለኝ። እንዲያ ነው በሌላም ቀን የተመለስኩት። የወደድኩት ነገር ኖሮ አይደለም፣ ቤት ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው።

እየቆየ ግን ሰውነቴ የራሱን ነገር ጀመረ። አንድ ጠዋት ስነቃ መንጋጋዬ ክፍት ነበር፤ እንዲያውም ትራሱን ምራቄ አርሶታል። ፋብሪካ ውስጥ መቁረጫውን ስይዝ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር መሆኑን ራሴ እያወቅኩት መጣሁ፤ ካወቅኩት ደግሞ አወርደዋለሁ። እግሬ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማኛል። አለቃችን ካባረረችኝ በኋላ ለሌላ ሰው ሰጥታው የነበረውን የሸሚዝ ቁልል መለሰችልኝና «ክንፍ የለም እንግዲህ» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ቆይቼ ነው፤ አሁንም ከአልጋዬ እንደወረድኩ ምንጣፌን እዘረጋለሁ። ፍርሃት ከሰው አይወጣም፤ እኔም ዮጋ ፍርሃት ያስወጣል ብዬ ማንንም አልሸነግልም። ግን ከደረት ላይ ወርዶ ጎን ይቀመጣል፣ ሰው ሥራውን እንዲሠራ መንገድ ይለቃል። ያኔ ለእኔ ይህ ብዙ ነበር።

ቤት ውስጥም መሥራት ጀመርኩ። አባዬ ወንበሩን ወደኔ አዙሮ ይቀመጣል። ድመቱን አብሮኝ ይሞክርና «ይቺ ድመት ጉልበቷን አሟታል» እያለ ይነሳል። ሆዱ ላይ እጁን አድርጎ በአፍንጫው መተንፈስን ግን ወደደው፤ ከኔ የተሻለ ይዋጣለታል። አንዱን ብቻ አይወድም። በጀርባዬ ተንጋልዬ እጄን ዘርግቼ ዓይኔን የከደንኩ እንደሆነ ብዙ ሳይቆይ «በይ በቃ፣ ተነሺ» ይለኛል። ካልተነሳሁ ከወንበሩ ወርዶ ትከሻዬን ይነቀንቀኛል። አንድ ቀን ተቆጣሁት።

«አባዬ፣ የዚህ ነገር ጥቅሙ እኮ እዚህ ላይ ነው።»

«ይቅርብሽ ጥቅሙ። ወለሉ ይቀዘቅዝሻል።»

ሄዶ ብርቱካን ልጦ አምጥቶ በእጄ አስያዘኝ። እሱ ራሱ ከዚያ ብርቱካን ቅንጣት አልቀመሰም። ያን ሰሞን የሚበላው ነገር የወፍ ነበር፤ ሱሪው ወገቡ ላይ እየተጠቀለለ ነው በቀበቶ የሚያስረው። ጨጓራ ነው ያልነው ሰው ሲከሳ እያየሁ አንጀቴን ይበላኛል። አንጀቴን የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል እንኳ እደነግጥና እመልሰዋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ያንን ቃል ማንም ሰው በከንቱ አያነሳውም ነበር።

ከሆስፒታሉ የተደወለልኝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ወረፋው ደርሷል፣ ሰኞ ይግባ፣ ከዋዜማው ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ። ከሰኞ በፊት የቀሩት ቀናት የእጅ ጣት አይሞሉም። ለወንድሜ ስደውል «ምርመራ ነው እንለዋለን» አለ።

«አስተኝተው ሆዱን ሲቀድዱትስ?»

«ከነቃ በኋላ እንነግረዋለን።»

«ባይነቃስ ወንድም ጋሼ?»

«እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እንዳትተነፍሺ» ብሎ ዘጋው። ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ አየሩ እንደገና ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ጀምሮ ነበር። ቤት መሄድ ፈራሁ። አባቴ ፊቴን እንዳየ የሚያነበኝ መሰለኝ። ፊቴን ሳስተካክል ልምጣ ብዬ ወደ ዮጋው ክፍል ሄድኩ።

ሁሉንም ነገር ሠራሁ። ድመቱን ሆንኩ፣ ተገለበጥኩ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ወደቅኩ። የሰማሁት ቃል ግን የለም፤ በጆሮዬ ውስጥ ያለው ሰኞ ብቻ ነው። በመጨረሻ ተጋደምን። መጋዙ ከታች ይጮሃል። ቀስ በሉ በምንጣፎቹ መሀል እየተመላለሰች የአንዱን ትከሻ ትነካለች፣ የሌላውን እግር ታቃናለች። እኔ ጋ ደርሳ ጭንቅላቴ አጠገብ ተንበረከከችና መዳፏን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ሙቅ እጅ ነበር። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፤

«ይዘሽዋል። ለምን ትይዢዋለሽ? ተንፍሺ።»

ይህች ቃል ለወራት በጆሮዬ አንድ ትርጉም ብቻ ነበራት። ወንድሜ እንዳትተነፍሺ ሲለኝ ስለ አየር አላወራም፤ እኔም ስለ አየር አልሰማሁም። አሁን አንዲት እጇ የሚሞቅ ሴት ለምን ትይዢዋለሽ ተንፍሺ ስትለኝ፣ ውስጤ ጠብቆ የነበረው ነገር ፈታ አለና አፌ ተከፈተ።

«አባቴ ካንሰር አለበት» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሰኞ ሊቀደድ ነው። እሱ ግን አያውቅም።»

እጇ ደረቴ ላይ እንዳለ ቀስ በሉ ደነገጠች። «እኔ እኮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አየሩን ነው ተንፍሺ ያልኩሽ።»

የሚገርመው ያን ጊዜ አየሩ ገባ። ደረቴን አልፎ፣ ጎድኔን አልፎ፣ እምብርቴ ድረስ ወረደ፤ ከዚያ የኮሪደር ቀን ወዲህ እንዲህ ገብቶልኝ አያውቅም። እፎይ ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ። ከጎኔ ሞንታርቦ በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላ ታየኛለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ምንጣፌን ጥዬ ተነሳሁ፣ በሩ ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች ጥቁሩን አጥልቄ ደረጃውን ቁልቁል ተንደረደርኩ። በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው፤ አባቴ ይህን ነገር ከሞንታርቦ አፍ እንዳይሰማው። በመንደር ወሬ፣ በበር ላይ፣ «ሲያዩዎት ደህና ይመስላሉ እኮ» እየተባለ እንዳይሰማው። ታክሲው ጋ ሰልፍ ነበር። በእግሬ ጀመርኩት። ጫማው ከተረከዜ እየወለቀ ጧ ጧ ይላል፤ አንዴ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጥሎኝ ቀረና ተመልሼ አነሳሁት። ያኔ ነው የኔ አለመሆኑን ያየሁት። የእግሬን እጥፍ የሚሆን ጫማ የሚያደርግ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። የሞንታርቦን ጫማ ይዤባት ወጥቻለሁ፤ አትምጣ ብዬ እየሮጥኩ የምትመጣበትን ምክንያት በገዛ እግሬ ተሸክሜላት ነው የምሮጠው።

እየሄድኩ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ተነፈስኩ» አልኩት።

«ምን?»

«ተናገርኩ። ሞንታርቦ ባለችበት።»

«አንቺ ሴት ምን ነካሽ? እሺ፣ እዚያው ቁሚ። እኔ ሳልመጣ ምንም እንዳትይው።»

«አንተ ቅዳሜ ነው የምትመጣው። ከእሷ ግን አጥር ብቻ ነው የሚለየን» ብዬ ዘጋሁበት። ታላቄ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ መስኮቱ ላይ ሆኖ ሲያየኝ በሩን ቀድሞ ከፈተው። ከሲታ ፊቱ አመድ መስሏል። «ለምን ትሮጫለሽ?» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ሩጫ ይቻልሻል? ምን ነካሽ?» ክንዴን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አመጣ፣ ብርጭቆውን እስክጨርሰው ከላዬ ላይ አልተነሳም። ላቤን በእጁ ጠረገልኝ። ክፉ ልነግረው የመጣሁት እኔ፣ የሚንከባከበኝ እሱ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«እሺ። ንገሪኝ።»

«እንዳትደነግጥ ግን።»

«አልደነግጥም» አለ፤ እጁ ግን የወንበሩን ጀርባ ጨብጦ ይዟል። አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ።

ሞንታርቦ ናት። የኔን ጫማ ተረከዙን ረግጣ፣ ጣቶቿን ብቻ ከትታ፣ እያነከሰች ነው የመጣችው። «ጫማሽ እግሬን ጨረሰው» አለችኝ። እንደ ወትሮው ብትሆን ይህን እስከ መንገዱ ማዶ ያሰማችው ነበር፤ አሁን ግን ለኔ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም። ተለዋወጥን። አባዬ «ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል» አላት።

«አይ፣ ጋሼ፣ ልሂድ።» ለመሄድ ዞረችና ተመለሰች። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አይዞዎት» አለችው። «እግዚአብሔር አለ።» ሌላ አንዲት ቃል ሳትጨምር ወጣች። ሞንታርቦ ከቤታችን ወሬ ሳትናገር ስትወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ ያጋለጠንም እሱ ነው።

አባዬ በሩን ዘግቶ እጁን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረገ ቆመ።

«እሷም ታውቃለች» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

«ታውቅ ነበር እንዴ አባዬ?»

«ካወቅኩ ቆየሁ። ዕውር መስዬሻለሁ? ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ሲነገረው ነው እንጂ የከፋኝ።» ዞሮ አየኝ። «ስሙን ብቻ ነው ያላወቅኩት። በይ ንገሪኝ።»

ትከሻዬ ሽቅብ ሲሄድ ተሰማኝና አወረድኩት። እግሬን ወለሉ ላይ በደንብ አሳረፍኩ። አየሩን እስከ መጨረሻው አወጣሁ፤ በመጨረሻው ላይ ቃሉን አወጣሁት።

«ካንሰር ነው።»

አባቴ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

«የቱ ጋ?»

«አንጀት ላይ።»

«ይድናል?»

«በጊዜ ተደርሶበታል። ሐኪሙ ይድናል ነው የሚለው። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ነው።»

«ሰኞ» አለ። ጉልበቱን በመዳፉ እያሻሸ ወለሉን ሲያይ ቆየና ድንገት ቀና ብሎ ተቆጣ። «ታዲያ ሰኞ ከሆነ ዛሬ ደረጃ ለደረጃ እየወጣሽ መገለባበጡ ምንድን ነው? አይተኛም? ምን ያለው ሐኪም ነው እንዲህ ያለ በሽተኛ ሩጪ የሚል?»

የሚለው አልገባኝም። ድንጋጤው አእምሮውን ያዞረው መሰለኝና ፈራሁ። «ማን ነው በሽተኛው አባዬ?»

«ማን ይሆናል? አንቺ ነሻ።»

ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ «ምንም» ብዬው ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ይህ ሰው የኔን ሞት ይዞ ነው የኖረው። ቧንቧ ከፍቼ ከወንድሜ ጋር ስንሾካሾክ፣ ስከሳ፣ ስባንን፣ እሱ የሰማውና ያየው ሌላ ነገር ነው።

«አባዬ» አልኩት፣ አጠገቡ ተንበርክኬ። «እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ። ያንተን ነው ጨጓራ ያልንህ።»

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም። «አንቺ አይደለሽም?»

«አይደለሁም።»

«ምንም የለብሽም?»

«ጭንቀት ነው የተባልኩት። ያውም ያንተው ነው።»

«እስቲ በእናትሽ አጥንት ማይ።»

«በእማዬ አጥንት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። እንደ እናቴ ወደ ግድግዳ ሊዞርብኝ ነው ብዬ ወገቡን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እንዲያ እንዳይዞር በጉልበት የምይዘው ይመስል። ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ከመዳፉ ሥር አንድ ቃል ሲደጋግም ሰማሁ፤ መጀመሪያ አልለየሁትም። «ተመስገን» ነው የሚለው። «ተመስገን ተመስገን ተመስገን።»

ንዴቴ ጣሪያ ነካ። «ምኑ ነው ተመስገን የሚያሰኘው? ሰምተኸኛል? አንተ ነህ እኮ ያልኩህ።»

«ሰምቻለሁ። አልደነቆርኩም።»

«ታዲያ?»

እጁን ከፊቱ አወረደው። ጉንጩ ርሷል። «አንቺ አልወለድሽም» አለኝ። «አይገባሽም።» ወደ ወለሉ፣ ጠዋት ጠዋት ምንጣፌን ወደምዘረጋበት ቦታ በአገጩ አመለከተ። «እዚያ ጋ እንደዚያ ተዘርግተሽ ስትተኚ እኔ እዚህ ሆኜ ደረትሽን ነው የማየው። ከፍ ይላል አይልም እያልኩ። አንዳንዴ ቀስ ብለሽ ስትተነፍሺ አይታይም። ያኔ ነው የምቀሰቅስሽ።»

ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ ጥዬ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ እንደ ሕፃን ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኛል። ሰኞ እንዳለ ነው። ግን ሰኞን ከእንግዲህ ብቻዬን አልያዝኩትም።

«ወንድምሽ ቅዳሜ ይመጣል?» አለ ቆይቶ።

«ይመጣል።»

«የመከረው ምክር ይህ ከሆነ ለእሱ የምለው አለኝ። አሁን ተነሺ።» አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገና ወደ ወጥ ቤቱ አየ። «ቤት ውስጥ ምን አለ? ራበኝ።»

ከመቼ ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ እንዳልሰማሁ ላስታውስ ብሞክር አልቻልኩም። ያለውን ሁሉ አሙቄ አቀረብኩለት። ስቸኩል ወጡን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት፤ ምንም አላለኝም። ቁጭ ብዬ ሲበላ አየሁት። ሳህኑን ባዶ አደረገውና ወደኔ ገፋው።

«ጨምሪልኝ» አለ። «አንቺም ብዪ እንጂ፤ ምን ታዪኛለሽ?»

በላሁ።